ቢጫ ሻርፕ፣ ጥቁር ሻርፕ

እጆቹ የብርድ ልብስ ቦንዳ በገመድ ይጠፍሩ ነበር። ሐቢባ ቶኮዛ ሰፈር ላለው ሱቋ የገዛችውን ዕቃ የሚያስርላት ይህ የጀፕ ገበያ ተሸካሚ ስሙን ነግሯት አያውቅም፤ ስለ ባሕር ወንበዴዎች ግን ያልነገራት የለም። አንደኛው ወንበዴ ጠላት እንዲሸበር በባርኔጣው ሥር የሚጨስ ገመድ ይሰካ ነበር አሉ።

«ለመሆኑ አንተ ባሕር አይተሃል?» አለችው።

«ከሞምባሳ በጀልባ ነው የመጣሁት» አለና ቋጠሮውን አጠበቀ። «ዓይኔን ግን አልገለጥኩም።»

ሐቢባን ያስጨነቃት ታክሲው ነው። ሹፌሩ ቦንዳ መጫን አይወድም፤ ዛሬ ካልጫነላት ደግሞ ብርዱ ሳትሸጥ ሊያልፍባት ነው።

«አይዞሽ እትዬ፣ ወንበዴ መጀመሪያ የወዳጅ ባንዲራ ነው የሚሰቅለው።»

ታክሲው መጥቶ ሲቆም ከኪሱ ቢጫ ሻርፕ መዘዘና አንገቱ ላይ ጠመጠመ። ሹፌሩ የቢጫ ለባሹ የቺፍስ ኳስ ቡድን ደጋፊ ነበርና ፊቱ በራ። «ሳውቦና ወንድሜ!» ብለው በዙሉ ሰላም ተባብለው፣ ተቃቅፈው፣ ቦንዳዎቹን አብረው ጫኑ። ተሸካሚው የመጨረሻውን ከውስጥ ሆኖ እንደጎተተ ቢጫውን አውልቆ ከሸሚዙ ሥር ጥቁሩን አወጣ፤ የተቀናቃኙን ቡድን የፓይሬትስን፣ ስሙ «የባሕር ወንበዴዎች» ማለት የሆነውን፣ የራስ ቅልና አጥንት ያለበትን።

«እጅ ስጥ!»

ሹፌሩ ጥቁሩን ሻርፕ አየ። ከዚያ በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋና «ምርኮኛ አይወርድም!» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ከጎኑ የተቀመጠችው ሐቢባ እየሳቀች በመስኮት ስታይ፣ የተሸካሚው አሠሪ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሻዩን በብርጭቆ ይዞ፣ ወተት ገዝተህ ና ብሎ የላከውን ይህንኑ ምርኮኛ ይጠብቃል።