የእናቴ ባና ያለበት ምንጣፍ

ያቺን ምንጣፍ ለሽያጭ አልሠራኋትም፤ ይሄን አስቀድመሽ ጻፊልኝ።

አንዲት የወርቅ ጥርስ ያላት ጓደኛ ነበረችኝ። ከወሎ አብረን ወጥተን፣ ሱዳን አብረን ተንከራተን፣ ሎስ አንጀለስም አንድ ክፍል ተጋርተን የኖርን። በመንገድ ላይ ብርዱን ያሳለፍነው በእናቴ ባና ነው፤ እናቴ በእጇ የፈተለችው ጥቁር የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ። ሁለታችንም እሱ ውስጥ እንጠቀለል ነበር። በኋላ እሷ አገባችና ዌስት አዳምስ ሰፈር ቤት ገዙ። አዲስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም መቼስ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ አገር ቤት ስጋጃ እሠራ ነበር። ሶ፣ ከጣውላ መወጠሪያ አሠራሁ፣ ነጭ የሱፍ ክር ገዛሁ። ባናውን ደግሞ በመቀስ ቀጭን ቀጭን አድርጌ ቆራረጥኩትና ጥቁሩን መስመር በሱ አወጣሁ። ከእናቴ የቀረኝ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር። ይሄንን እያወቀች ነው የተቀበለችኝ፤ አልቅሳለች። ማንም በጫማ አይረግጣትም አለችኝ።

ብዙም አልቆየ። ከሥራ ወጥቼ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አውቶብስ ስጠብቅ፣ የቤት ዕቃ ሱቅ መስኮት ውስጥ ምንጣፌ ተሰቅላለች። ገባሁ። ባለሱቁ አረብኛ ይናገራል፣ እኔም ሱዳን የለቃቀምኩት አለኝ። ይቺ ከየት መጣች አልኩት። የሞሮኮ ናት፣ በርበር የሚባሉ የዚያ አገር ሰዎች በእጃቸው የሠሯት፣ ለዘመናዊ ቤት የምትሆን ናት አለኝ። ማን አመጣልህ ስለው፣ እናቷ በርበር የሆነች አንዲት ሴት፣ የሠራቻትም እናትየዋ ናት አለ። የወርቅ ጥርስ አላት ወይ አልኩት። አላት።

በነጋታው ቤቷ ሄድኩ። ሳሎኑ አዲስ ሶፋ ገብቶበታል። ራሷ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሻይ ቀዳች፣ ስለ ባሏ ሥራ አወራች፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ምንጣፏስ የት ገባች አልኳት።

"አጥቤ አስጥቻታለሁ።"

"ፌርፋክስ፣ ሱቅ መስኮት ውስጥ ነው ያሰጣሻት?"

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከሶፋው ጋር አልሄድ ብላኝ ነው አለች። መሸጥሽን እሺ ልቻለው፣ እናቴን ከመቃብር አውጥተሽ እናትሽ ያደረግሻት ምን አድርጋሽ ነው አልኳት።

"ሐበሻ ሠራቻት ብል ማን ዞር ብሎ ያያታል?" አለችኝ። "ይልቅ ሰውየው ሌላ ካለ አምጪ ብሎኛል። አንቺ ሥሪ፣ እኔ አወራለሁ።"

ሻሼን አስተካክዬ ተነሳሁ። ራይድ ልስጥሽ አለች፤ በእግሬ እሄዳለሁ አልኳት። መኪናዋን አውጥታ በጎኔ ቀስ እያለች ተከተለችኝ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ግቢ እንጂ፣ ሰው ያየናል ትለኛለች። እሷን የጨነቃት እሱ ነው። ከኋላዋ ያለው መኪና ጥሩምባ ሲነፋባት ነድታ ሄደች።

አገሩ ሰፊ ቢሆንም እኛ ጥቂት ነን፤ ለሰርግም ለለቅሶም እንገናኛለን። ሰላም ትለኛለች፣ እመልስላታለሁ። ቤቷ ግን ከዚያ ወዲህ አልገባሁም።