ክረምት ሲገባ እመጣለሁ

ጆሃንስበርግ ላይ ጸደዩ ሊያልቅ ሲል የጓሮ ሥራ ፋታ አይሰጥም። ቲማቲሙን በእንጨት መደገፍ፣ በግንዱና በቅርንጫፉ መሃል የሚወጣውን ትርፍ ቀንበጥ መቀንጠስ፣ ያበበውን ጎመን ነቅሎ ቦሎቄ መዝራት አለ። ኪኩዩ የሚሉት ሣር ደግሞ፣ እሳት ይብላውና፣ ከዚህ ሲነቅሉት ከዚያ ብቅ ይላል።

ዘንድሮ ግን ሳላጉረመርም ሠራሁት፤ ልጄ ልትመጣ ነዋ! ያለችኝ እሷው ብቻ ናት። ኬፕታውን አንድ ሆቴል ውስጥ አዲስ ሥራ ይዛለች። መስከረም ላይ ደውላ፣ «እማዬ፣ አሁን የዕረፍት ሊቭ አይሰጡኝም፤ ክረምት ሲገባ እመጣለሁ» አለችኝ። እዚህ ዝናቡ የሚይዘው በጥቅምትና በኅዳር አይደል? ደረሰች ማለት ነው ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

አተሩን ለእሷ ተውኩት። ልጅ ሆና እሸቱን እዚያው እየፈለፈለች ትጨርስብኝ ነበር፤ ለድስት የሚተርፍ አልነበረም። ስለዚህ አንዲት ፍሬ አልነካሁም። ፀሐዩ እየበረታ፣ አተሩም እየጠጠረ ሄደ። ጧት ጧት ውሃ ሳጠጣው «እስቲ ትንሽ ታገሠኝ» እለው ነበር። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ ሰው ሲጠፋ ግን ከአተርም ጋር ይወራል።

አጥር የምንጋራ አንዲት አሮጊት አሉ። ጎጎ ነው የምላቸው፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። የእሳቸው ልጆችና የልጅ ልጆች እሑድ እሑድ ግቢውን በሳቅ ይሞሉታል፤ እኔ በሬን ዘግቼ እሰማለሁ። ቅናት ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን «የኔም ልጅ እየመጣች ነው» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው በረዶ ሲጥል ቲማቲሙ ላይ የምዘረጋው መረብ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር ሰላምታቸው «ሳዎቦና! ገባች?» ነው።

የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በጣለ ማግስት ለልጄ ደወልኩላት።

«ክረምቱ ገባ እኮ! መቼ ነው የምትነሺው?»

ሳቀች። «የምን ክረምት፣ እማዬ? ሰመር ሊገባ ነው እኮ! እኔ ያልኩሽ ብርዱን፣ ጁላይን ነው። አሁን ሆቴሉ በእንግዳ ሊፈነዳ ነው።»

«ክረምት ማለት ዝናብ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። «አንቺ ነሽ እኔን አማርኛ የምታስተምሪኝ?»

«እኛ ጋ እኮ ዝናቡም ጁላይ ነው» አለች ቀስ ብላ።

እውነቷን ነው። ኬፕታውን የሚዘንበው ሐምሌ ላይ ነው። አገር ቤትም ክረምቱ ሐምሌ ነው። ክረምትን ጎትቼ ኅዳር ላይ ያመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። «እሺ የኔ እናት፣ ሐምሌም እኮ ሩቅ አይደለም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ የደረቀውን አተር እየነቀልኩ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ቀና ስል ጎጎ በአጥሩ በኩል ያዩኛል። የዓይኔን መቅላት አይተው የደስታ እንባ መሰላቸው።

«ገባች?»

ቃሉ ከየት እንደመጣ እንጃ። «አዎ፣ ገብታለች» አልኩ። «መንገዱ አድክሟት ተኝታለች።»

«እሰይ! እንዳታስነሻት» ብለው በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወደ ቤታቸው ገቡ።

የጎጎ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ በዙሉ ሲለፈልፍ ነው የሚውለው። ግማሹ አይገባኝም፤ ቤቴ ውስጥ የሚሰማ የሰው ድምፅ ግን እሱ ብቻ ነው። ልጅቷ ትረፍ ብለው አጠፉት።