የጀማል ዕድሜና የእኔ ቀለብ

አባቴ አቶ መኩሪያ የኢተያ እህል ነጋዴ ነበሩ። እናቴ ዘነበች አሰላ ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ጎረቤታችን አዴ ሀሊማ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እናቴ በአራስነቷ ታማ ወተቷ ሲደርቅ ከልጇ ከጀማል ጋር እኔንም ያጠባችኝ እሷ ናት። ጀማል የጡት ወንድሜ ነው፤ በአንድ ሳምንት ተወለድን።

ሰሞኑን እነሱን ያስታወሰኝ ሚስቱን የፈታ አንድ የሰፈራችን ጎልማሳ ነው። ልጁ አሥራ ስምንት በሞላት ማግስት ቀለቧን አቋረጠባት፤ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ለሽምግልና ስንቀመጥ «ጋሼ፣ ሕጉ እስከ አሥራ ስምንት ነው የሚለው፤ ከዚያ ወዲያ ራሷን ትቻል» አለኝ። ቁጣ ልማዴ ነው፤ ያን ዕለት ግን መቆጣት አቃተኝ። አባቴን የሰማሁ መስሎኝ ክው አልኩ።

አባቴ እናቴን የፈቱት እኔ ዳዴ ስል ነው። በወር አሥር ብር ቀለብ ተቆርጦባቸው ይከፍሉ ነበር፤ በሐሰት አላማቸውም። በ1966 መስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ ግን «አሥራ ስምንት ሞልቶታል» ብለው አቆሙ። ያለዚያ ብር ትምህርቴን መተዌ ነበርና እናቴ ከሰሰች።

ያን ጊዜ የልደት ወረቀት ያለው ማን ነበር? የሰው ዕድሜ የሚታወቀው በእኩያው ነው። አባቴ ምስክር አድርገው የጠሩት አዴ ሀሊማን ነው፤ ብልጠታቸው ዛሬም ይገርመኛል። ጀማል ዓምና መንጃ ፈቃድ ያወጣው እናቱ «አሥራ ስምንት ሞልቶታል» ብላ አሻራዋን አድርጋለት ነበር። ኢተያ ላይ ትራክተር እየነዳ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። አሁን ሌላ ዕድሜ ብትናገር የልጇን እንጀራ መዝጋቷ ነው።

ኅዳር ነበር፤ ስንዴው እየታጨደ፣ ነፋሱ ገለባ እያመጣ ዓይናችን ውስጥ ይከትብን ነበር። ጀማል ግራሶ በነካው ካኪ ልብሱ ፍርድ ቤቱ ደጅ መጥቶ ከኪሱ የገብስ ቆሎ ዘገነልኝ።

«አንተ ሕፃን! ዛሬ ጡት ልትጥል ነው አሉ።»

«አብረን አይደል የጠባነው? አብረን እንጥላለን» አልኩት። ሳቅን።

አዴ ሀሊማ ቁርአን ይዛ ማለች። ዳኛው ዕድሜያችንን ጠየቋት። እኔን አየችኝ፤ ጀማልን አየችው።

«ሁለቱም አሥራ ሰባት ናቸው።»

«ዓምና አሥራ ስምንት ያልሽው ልጅ ዘንድሮ እንዴት አሥራ ሰባት ሆነ?» አሉ ዳኛው።

«ዓምና አላስማላችሁኝም፤ ርቦንም ነበር። ዛሬ ግን ምዬ አልዋሽም።»

 ከጀማል እጅ ቆሎው ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። በድላችን ላይ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

አባቴ እስከሚቀጥለው መስከረም እንዲከፍሉ ተፈረደ። የጀማል ፈቃድ ተነጠቀ፤ አዴ ሀሊማም ለዓምናው ሐሰቷ ተቀጣች። ደጅ ላይ አባቴ ቀረቧት።

«ሴትዮ፣ በገዛ ልጅሽ ላይ?»

«አቶ መኩሪያ፣ እኔ ሁለቱንም አጥብቻለሁ። እርስዎ ማንን አሳደጉ?»

 ጀማል ያን ዓመት እህል በረንዳ ጆንያ ሲሸከም ከረመ፤ እኔ ደብተሬን ይዤ በፊቱ አልፍ ነበር። በየካቲት የአብዮቱ ግርግር መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ተመልሼም አልገባሁ፤ የማውቀውን ሁሉ በየሰው ቤት መጽሐፍ እየተዋስኩ ለራሴ ያስተማርኩት ነው።

ጎልማሳውን «ሕግ ዕድሜ ይቆጥራል እንጂ ልጅ አያሳድግም» አልኩት። ነገሩ ያልገባው መሰለኝ፤ ስለዚህ ታሪኩን ነግሬ ወጪውን ደመርኩለት። አባቴን የዓመት ቀለብ መቶ ሃያ ብር፤ አዴ ሀሊማን የቅጣት ሠላሳ ብር፤ ጀማልን የአሥር ወር የትራክተር ደሞዝ አምስት መቶ ብር አስከፈለ። ስድስት መቶ ሃምሳ ብር። ሁሉም ተከፍሎ የተገኘው የአምስት ወር ትምህርት ነው።