አባባ ተኝቷል

ያን ቤት ከውጭ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ባልና ሚስት ብቻ፣ ያውም ተኳርፈው የከረሙ ባልና ሚስት የሚኖሩበት ይመስለዋል። ውስጡ ግን አራት ልጆች አሉ። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ታናናሾቿን እንደ ፖሊስ ስለምትጠብቅ ቤተሰቡ ሁሉ «አለቃ» ይላታል። ከእሷ ቀጥሎ መንታ ወንዶች አሉ። የመጨረሻው ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ ጉንጩ ካልነከሱኝ የሚል፣ «ድንቡሼ» የሚባል ነው። አራት ሕፃን ያለበት ቤት እንዴት እንደሚንጫጫ የወለደ ያውቀዋል። እዚህ ቤት ግን ፀሐይ እስካለች ድረስ ማንም ድምፁን አያሰማም።

ምክንያቱ አባትየው ዳቦ ጋጋሪ መሆኑ ነው። ሌሊቱን ምድጃ ፊት ቆሞ ያድርና ጠዋት ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንደያዘ ይመጣል። ያመጣውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ የነቁትን ልጆች ራስ ራሳቸውን ይዳብሳል፣ ከዚያ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ይተኛል። መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ግን ምን ቢወፍር ጨርቅ ነው፤ የወደቀ ማንኪያ ድምፅ አያስቀርም። ሰውየው ደግሞ አንዴ ከባነነ እንቅልፍ መልሶ አይወስደውም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ያበቃል። እሱ ግን አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል እንጂ አንዲት ቃል አይወጣውም። ሚስቱ ይህን ከምታይ ቢመታት ትመርጣለች። ባለፈው ክረምት በቁሙ እንቅልፍ ጥሎት ክንዱን የጋለ ብረት ላይ አሳርፎት፣ ቆዳው ተልጦ ነው ቤት የመጣው። የዳቦ ቤቱ ጌታ ያን ዕለት፣ ሁለተኛ እያንቀላፋ ቢያገኘው ሌላ ሰው እንደሚፈልግ በግልጽ ነግሮታል።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ነበረች ቢባል ይሻላል። ባሏ ወደ ሌሊት ሥራ ከዞረ ወዲህ የስፌት መኪናዋን አንሶላ አልብሳ ጥግ አስቀምጣታለች፤ መኪናዋ ስትንኳኳ እንኳን የተኛ ሰው ጎረቤትም ይሰማታል። አሁን የምትቀበለው በእጅ የሚሠራውን ብቻ ነው፤ ጠርዝ መቀምቀም፣ ቁልፍ መትከል፣ የተቀደደ ኪስ መመለስ። መርፌ ድምፅ የላትም። ልጆቹም ጠባያቸውን ከመርፌዋ የወሰዱ ይመስላሉ።

መንታዎቹ ሲጣሉ ያየ ሰው ሳቁ ያመልጠዋል። ጥርሳቸውን ነክሰው ይቆነጣጠራሉ፣ ፀጉር ይጓተታሉ፣ ወለሉ ላይ ተያይዘው ይንከባለላሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። አለቃ ሳቋ ሲመጣ ትራስ ፈልጋ ፊቷን ትቀብራለች። ለቅሶ ደግሞ ይቀጠራል። ይህን ያመጣችው እናትየው ራሷ ናት። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ አፉን በእጇ ከድና «ማታ፣ የኔ ጌታ፣ ማታ ታለቅሳለህ» ትለዋለች። እነሱም የዋሆች ናቸውና አምነው ይቀጥሩታል። ማታ አባትየው ተነስቶ ፊቱን ሲታጠብ፣ ጠዋት የተላጠች ጉልበቱ ትዝ ያለችው ልጅ ድንገት እሪ ይላል። አባትየው ፎጣውን እንደያዘ ያየውና ይሄ ልጅ ደግሞ ማታ ማታ ምን ይነካዋል እያለ ይገረማል። ማንም አስረድቶት አያውቅም።

የቤት አከራያቸው በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ልጆቹ እትዬ ይሏቸዋል። እትዬ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ የእነዚህን ልጆች ጨዋነት ሳያወሩ አይሸኙም። ልጅ እንዲህ ነው የሚያሳድጉት፣ የዛሬ እናቶች ከእሷ ቢማሩ ምናለ ይላሉ። እናትየው ስትሰማ ደስ ይላታል፤ ምስጋና ከየት ይገኛል! ድንቡሼን ስታይ ግን መርፌዋን ታቆማለች። ሌሎቹ መናገርን ከቻሉ በኋላ ነው ዝምታን የተማሩት። እሱ ግን የተወለደው ዝምታው ውስጥ ነው። የሚያውቃት ቃል ትንሽ ናት፤ እሷንም ማታ፣ ሁሉ በሚንጫጫበት ሰዓት እንኳ፣ በሹክሹክታ ነው የሚላት። ሲያድግ ይለቀዋል ትላለች ለራሷ፤ ብላም ወደ መርፌዋ ትመለሳለች።

አንድ ቀን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናብም ልጆቹን ከቤት አላስወጣ ባለበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ሴትዮዋ ድምፀ ትልቅ ስለሆነች እናትየው ወደ ቤት ማስገባት አልደፈረችም፤ እያዋራች እስከ ግቢው በር ወሰደቻትና ዝናቡ እያካፋባቸው እዚያው ቆሙ። ደንበኛዋ ከቀሚሱ ተነስታ ወደ ባሏ ተሻገረች፣ ከባሏ ወደ አማቷ። ወሬው አልቆ እናትየው ስትመለስ አለቃ ሳህን እያደረቀች ነው። መንታዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ትልቅ ሰው እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ድንቡሼ የለም።

መጀመሪያ አልደነገጠችም። ጠረጴዛው ስር አየች። የመኪናዋን አንሶላ ገለጠች። ማድ ቤት ገብታ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ገልብጣ አየች። «ድንቡሼ፣ ድንቡሼ» ትላለች፤ ግን አጠገቧ የቆመ ሰው እንኳ በማይሰማው ድምፅ። አለቃም በእግር ጣቷ እየሄደች በየጥጉ ትሹለከለካለች። ሳህኑን እንደያዘች ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ ከመጋረጃው ጀርባ ልይ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናትየው ራሷን ነቀነቀች። ድንቡሼ እዚያ እንደማይገባ፣ ሕጉን ከሁላቸውም ይበልጥ እሱ እንደሚያውቅ ነገረቻት። ይህን ስትል ኩራትም ቢጤ ነበረባት።

ወዲያው የግቢው በር ትዝ አላት። ከደንበኛዋ ጋር ስታወራ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር። ከበሩ ውጭ ጭነት መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ለውሃ ቧንቧ ብለው ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ አለ፤ ሰሞኑን ዝናቡ እስከ አፉ ሞልቶታል። ከዚያ መንገድ ላይ ራሷን አገኘችው፤ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም።

እዚያ ስትደርስ ጮኸች። ያላትን ድምፅ ሁሉ አወጣችው፤ ከማነሱ የተነሳ ራሷንም ገረማት። ሱቅ ጠባቂው ምንም ልጅ እንዳላየ ነገራት። አንድ ሾፌር መኪናውን አቁሞ ከጎማዎቹ ስር አየላት። እትዬ ረጅም እንጨት ይዘው ወጥተው የጉድጓዱን ውሃ ከዳር እስከ ዳር ያማስሉ ጀመር፤ እንጨቱ አንድ ነገር በነካ ቁጥር እናትየው ወደ ውሃው ጎንበስ ትላለች። አሮጌ ጎማ ወጣ። ጆንያ ወጣ። ጆንያው ሲወጣ መሬት ላይ ተዘረፈጠች፤ ባዶ መሆኑን አሳይተው ነው ያነሷት።

«ሰውየውን ቀስቅሺው እንጂ፣ የአለቃ እናት» አሏት እትዬ። «አባት አይደለም እንዴ?»

እሷም ወደ ቤት ሮጠች። ግቢውን እንደ እብድ አቋርጣ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጭቃ የያዘ ጫማዋን አወለቀች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ቀስ ብላ ገባች። እግሯ የለመደው ይህን ነው። መጋረጃው ፊት ደርሳም እጇ አልነሳ አለ። ቀስቅሳው ልጁ ጎረቤት ቤት ቢገኝስ? ዛሬ ሌሊት ምድጃው ላይ ቢወድቅስ? ደግሞ ልጁ ውሃ ውስጥ ሆኖ እሷ ስለ እንቅልፍ እያሰበች ቢሆንስ? ከሁለቱ ፍርሃት የቱን እንደምትመርጥ ጠፍቷት መጋረጃውን አፍጥጣ ስታይ፣ ቀሚሷን አንድ ነገር ጎተት አደረጋት። ከመንታዎቹ አንዱ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በጣቱ መጋረጃውን፣ ቀጥሎም ወለሉን አሳያት።

ነገሩን ከሁለቱም አፍ በሹክሹክታ ለቃቅማ ሰማችው። የክር ጥቅል እያንከባለሉ ይጫወቱ ነበር። ጥቅሉ በመጋረጃው ስር ሾልኮ አልጋው ስር ገባ። እነሱ ትልቅ ናቸው፣ አይሾልኩም፤ የድንቡሼ እግር ደግሞ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ላኩት። አልተመለሰም። መጋረጃ ማለፍ ስለሚያስገርፍ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁት።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። ጋጋሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያንኮራፋል። ተንበረከከች፣ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሁለት ዓይኖች አየች፤ ያዩዋታል።

ድንቡሼ በሆዱ ተኝቷል። አልጋው ስር ልብስ የሚያስቀምጡበት የብረት ሳጥን አለ፤ ቀኝ እጁ ሳጥኑ ላይ ነው። አልጋው የሽቦ ነው፣ መሃሉ በዕድሜ ረግቧል። ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ሲገላበጥ ክብደቱ ሁሉ ወደዚያ ሄዶ ሽቦውን ሳጥኑ ላይ አስተኝቶታል፤ የልጁ እጅ መሃል ላይ ቀርቷል። ፊቱ በላብና በንፍጥ ርሷል። ከንፈሩን ነክሶ አድምቶታል። ድምፅ ግን የለም።

እናትየው ያን ጊዜ ያደረገችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባሏን አልቀሰቀሰችውም። ሁለት እጇን ሽቦው ስር አስገብታ፣ በትከሻዋ እየደገፈች፣ ሰውየውን ከነእንቅልፉ ወደ ላይ ልታነሳው ሞከረች። «ትንሽ ነው የቀረው፣ የኔ ጌታ፣ ትንሽ ነው» ትላለች ለልጁ በትንፋሿ። ሽቦው ሲጥ ሲል ሰውየው አጉረመረመ። እሷም ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ማንኮራፋቱን እስኪቀጥል ጠበቀች። ልጇ ከሽቦው ስር ሆኖ እያያት፣ የአባቱ እንቅልፍ እስኪመለስ ጠበቀች። እንደገና ልታነሳ ስትል ዓይኗ ጣቶቹ ላይ አረፈ። ጠቁረዋል።

ከዚያ በኋላ የተሰማው ጩኸት የማን እንደሆነ አላወቀችውም።

«ተነሳ! ልጁ ከስርህ ነው፣ ተነሳ!»

ጋጋሪው እሳት የተነሳ መስሎት ዘሎ ወለሉ ላይ ቆመ። ሽቦው ወደ ላይ ተመለሰ፤ እሷም ልጇን በብብቱ ይዛ ጎትታ አወጣችው። አባትየው ተቀብሏት ወደ መስኮቱ ወሰደው። ክንዱ አብጧል፤ የሽቦው መስመር ሥጋው ውስጥ ገብቶ ታትሟል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲነካለት ልጁ በነካው ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ አገጩ ይርበተበታል፣ ዓይኑ ይሞላል። አፉን ግን አይከፍትም። ይሄ ዝምታ አባትየውን ከእጁ ይበልጥ አስፈራው። ልጁ ራሱን ሊስት ነው ብሎ ጉንጩን መታ መታ አደረገው።

«አልቅስ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አለው። «ያምሃል አይደል? አልቅስ።»

ድንቡሼ እናቱን አየ። መስኮቱንም አየ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ወለሉ ሁሉ በራ። ወደ አባቱ ጆሮ ጠጋ አለና በሹክሹክታ «መሸ?» አለው።

አባትየው አልገባውም። ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷ አፏን በመዳፏ ከድና ቆማለች። የመለሰችለት አለቃ ናት። መጋረጃው ጋ ከመንታዎቹ ጋር ቆማ፣ ያን ሁሉ ጩኸት ከሰማች በኋላ እንኳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ቀን አይለቀስም፣ አባባ። አንተ ስትነሳ ነው የምናለቅሰው።»

ሰውየው አራቱንም ልጆቹን ተራ በተራ አያቸው። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር።

«መሽቷል፣ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «አዎ፣ መሽቷል።»

ድንቡሼ ፀሐይዋን አየ፤ ቀጥሎ የአባቱን ፊት አየ። አባቱን አመነና ማልቀስ ጀመረ።