ለአንዲት ሙዚቃ ማጫወቻ ሦስት ፕሮፎርማ

ሰውየው በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የግዢ ሠራተኛ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቧንቧ፣ ቆጣሪ፣ መጥረጊያና የጽሕፈት ወረቀት ሲገዛ ኖሯል፤ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ የሚባለውን የዋጋ ማቅረቢያ ሳይሰበስብ ግን አንዲት እስክሪብቶ እንኳ ገዝቶ አያውቅም። ሰፈሩ ይህን ጠባዩን አይቶ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትቶ «ጋሽ ፕሮፎርማ» ይለዋል። እሱ ቅር አይለውም። እንዲያውም በሆዱ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ጠባዩ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቢቀር ኖሮ ባልከፋ፤ ግን አብሮት ቤት ይገባል። ሽንኩርት እንዲገዛ ሲላክ ሦስት ሻጭ ጋ ዞሮ፣ አወዳድሮ፣ ሁለቱን በትሕትና አሰናብቶ እስኪመለስ ምሳው ያለ ሽንኩርት ተሠርቶ ተበልቷል። ለመኝታ ቤቱ መጋረጃ ሊመርጥ ወጥቶ አንድ ክረምት አልፎበታል። ሚስቱ አንዳንዴ ነገር ሲያምራት፣ «ለመሆኑ እኔን ስታገባ የሌሎቹን የሁለቱን ፕሮፎርማ የት አደረስከው?» ትለዋለች።

«እ» ይላል እሱ።

ቤት ውስጥ ያሉት ቃላት ሦስት ናቸው፤ «እ»፣ «እሺ» እና «ይሁን»። ቀኑን ሙሉ ከነጋዴ ጋር ሲከራከር ስለሚውል አፉ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እንደ ገንዘብ ቤቱ መስኮት ይዘጋል። ሚስቱ ደግሞ የሕፃናት መምህር ናት፤ አርባ ልጅ ባንዴ ሲያወራ መስማት የለመደ ጆሮ ነው ያላት። የራሷ ልጆች አድገው ከወጡ ወዲህ ይህ ጆሮ ቤት ሲገባ ሥራ ይፈታል። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረው፣ ባሏ በሥራ ቦታው ምን ሲያደርግ እንደሚውል ከጎረቤት ካልሰማች ከሱ ሰምታ አታውቅም።

የዚያ ክረምት መጋረጃ በመጨረሻ ተገዝቶ መጣ። እሷም ደስ ብሏት በርጩማ ላይ ወጥታ ስትሰቅል በርጩማው ከዳትና ወደቀች። ሐኪሙ እግሯን ከጉልበት በታች በጀሶ ጠፍንጎ፣ ስድስት ሳምንት ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዘ።

በሁለተኛው ቀን ባሏን ጠራችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቤት እኮ ሊገድለኝ ነው። ዝም ጭጭ። እባክህ ትንሽዬ ሙዚቃ ማጫወቻ ግዛልኝ። ርካሽ ትሁን፣ ቀላል ትሁን፣ አንድ ቁልፍ ስነካት ትዝፈን፤ ሌላ አልፈልግም።»

«ስልክሽስ?»

«ስልኬ ላይ ዘፈን በከፈትኩ ቁጥር የአርባ ልጅ እናቶች ይደውላሉ። አንዷ ልጄ አስነጠሰው፣ አንዷ ልጄ ላጲሱን ዋጠው። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሆኜ ከምተኛ አእምሮዬን ብስት ይሻለኛል።»

«እሺ» አለ።

ሌላ ባል ቢሆን ያንኑ ዕለት ከሥራ ሲመለስ ይዞላት ይገባ ነበር። ጋሽ ፕሮፎርማ ግን ደብተር አወጣ፤ ከላይ «የዕቃው ዝርዝር መግለጫ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም በማስመሪያ ሁለት መስመር አሰመረበት።

የመጀመሪያው ሱቅ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነበር። ከዚያ ባዶ እጁን ቤት ሲገባ ሚስቱ «የታለች?» አለችው።

«ገና ናት። አንድ ሱቅ ብቻ ነው ያየሁት።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም አፈረ። ቢያፍርም መመሪያ መመሪያ ነውና፣ ለምን እንዳልገዛ ማስረዳት ነበረበት። ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«ሻጩ ከረባት ያሰረ ነው» ብሎ ጀመረ። «ርካሽና ቀላል ስለው ውድና ከባድ ያመጣልኛል። አንዷን አወጣና ‹ይቺ ጌታዬ፣ ዘፈን ብቻ ሳይሆን እርምጃም ትቆጥራለች፤ ባለቤትዎ በቀን ስንት ሺህ እርምጃ እንደሄዱ ትነግራቸዋለች› አለኝ። ‹ባለቤቴ እግሯ ጀሶ ውስጥ ነው› አልኩት። ትንሽ አሰበና ‹እንግዲያው ዜሮ ትላለች፤ ዜሮም ቢሆን በትክክል ነው የምትቆጥረው› አለኝ።»

ወደ እሱ የዞረው ጀርባዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። ስትዞር ግን ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነበር፤ ጀሶዋ ከአልጋው ጠርዝ ጋር እስኪጋጭ ድረስ ሳቀች።

«ፕሮፎርማ ጻፈልህ?»

«በማኅተም» አለ ኮራ ብሎ።

በሁለተኛው ሳምንት የሁለት ወንድማማቾች ሱቅ ገባ። ሱቁ ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ተጣልተው መሐሉ ላይ በቀለም መስመር አስምረውበታል። በግራ በኩል ታናሽየው ሬዲዮና ማጫወቻ ይሸጣል፤ በቀኝ በኩል ዝምተኛው ታላቅየው ጫማ ይሸጣል። ሁለቱ አይነጋገሩም። የሚነጋገሩት በደንበኛ አፍ ነው።

«የማጫወቻውን ዋጋ ስጠይቅ» አላት ለሚስቱ፣ ያንን ወንበር እንደገና ስቦ፣ «ታናሽየው መለሰልኝና ‹ለዚያ ለጫማ ሻጭ ደግሞ ካርቶኑን ከመስመሬ ላይ እንዲያነሳ ይንገሩልኝ› አለኝ። ዞሬ ነገርኩት። ‹መስመሩ ራሱ አንድ ጣት ወደኔ ገብቷል በሉልኝ› አለኝ። ዞሬ ነገርኩት። አንገቴ እስኪዞር አመላለሱኝ እልሻለሁ። ስወጣ የማጫወቻውን ፕሮፎርማ ብቻ ሳይሆን የጫማም ይዤ ወጣሁ።»

ከዚያ ወዲያ እሷ በሩ ሲከፈት አንገቷን ከትራስ ቀና አድርጋ ነው የምትጠብቀው። «እህስ፣ ወንድማማቾቹ እንዴት ዋሉ?» ትለዋለች ገና ጫማውን ሳያወልቅ። ለሌላ ጉዳይ ያለፈ አስመስሎ በየቀኑ በሱቁ በር ማለፍ ጀመረ። አፉ እንደተከፈተ ከሁሉም በኋላ ያወቀው እሱ ራሱ ነው።

በዚያው ሳምንት የሚስቱ ታናሽ እህት ልትጠይቃት መጣች። በሩ ላይ ሲገናኙ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ፣ «ጋሼ፣ ማጫወቻው አልተገዛም እንዴ እስካሁን?» አለችው።

«ሂደት ላይ ነው።»

«በርታ» አለችው፤ ጠይቃት ስትመለስም ደረጃውን እየወረደች ሳቋ ሲያመልጣት ሰማ። የጎደለች ብሎን ከመቶ ካርቶን መሐል የሚያገኝ ሰው፣ የእህትየው ቦርሳ ስትገባ አብጦ ስትወጣ ሟሽሾ እንደነበር ልብ አላለም።

በሦስተኛው ሳምንት አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ያለችው ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ደረሰ። ወፍራም ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። ከመሳቢያ ውስጥ አንዲት ግራጫ ማጫወቻ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። የክብሪት ሳጥን ታክላለች፤ አምስት ቁልፍ አላት፤ ከጀርባዋ ዋጋው በነጭ ፕላስተር ላይ ተጽፎ ተለጥፏል። ርካሽ ናት። ቀላል ናት። አንዱን ቁልፍ ሲነካት ዘፈነች።

«ፕሮፎርማ ይጻፉልኝ» አላት።

«እዚህ ቤት ወረቀት አይጻፍም። ትወስዳለህ አትወስድም?»

«ያለ ሦስተኛ ፕሮፎርማ መውሰድ አልችልም።»

«ጉድ ነው» አለች ሴትዮዋ። «እንዲህ ያለች ሁለት ነበረችኝ። አንዷን ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ገብታ ዋጋም ሳትከራከር ይዛ ወጣች። አንተ ግን መንግሥት ልትገለብጥ የመጣህ ነው የምትመስለው።»

ይህንንም ለሚስቱ አንድ በአንድ ነገራት። ያቺ ሳትከራከር የገዛችው ሴት በተለይ አንገብግባው ነበር።

«አየሽ፣ ገበያውን የሚያበላሸው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ሳያወዳድር፣ ሳይጠይቅ፣ ዘው ብሎ ገዝቶ የሚወጣ። ቤት ቢኖራትም ቤቷ የተዝረከረከ ነው የሚሆነው።»

ሚስቱን ከባድ ሳል ያዛት። ውሃ አቀበላት። ስትረጋጋ ዓይኗን በነጠላ ጠርጋ፣ «ለመሆኑ የባትሪዋን ነገር አረጋግጠሃል? ቶሎ የምታልቅ ብትሆንስ?» አለችው።

አላረጋገጠም ነበር። ተሸማቀቀና ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ስለዚህ በአራተኛው ሳምንት ለባትሪ ፍተሻ ከሬዲዮ ጠጋኟ ሱቅ በርጩማ ላይ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሦስት ሰዓት ተቀመጠ። ሴትዮዋም በነፃ አላስቀመጠችውም፤ ሽቦ አስያዘችው፣ ደንበኛ አስተናግድ አለችው፣ የጠፋውን መነጽሯን አስፈለገችው። ይህን ሲተርክላት ሚስቱ ጥርሷን መክደን አቃታት። ሳቋ ሲበርድላት ያንን የድሮ ጥያቄዋን አነሳች።

«እኔን ስታገባ ግን የሌሎቹን የሁለቱን ፕሮፎርማ የት አደረስከው?»

«እ» ሊል አፉ ተከፈተ። ግን አፍ አንዴ ከለመደ ለመደ ነው።

«መመሪያው ላይ አንድ አንቀጽ አለ» አላት። «ዕቃው ከአንድ አቅራቢ በቀር ሌላ ጋ የማይገኝ ሲሆን ያለ ውድድር መግዛት ይፈቀዳል ይላል። ያኔ ሌላ ቦታ አልፈለግኩም። የትም የለማ።»

እንዲህ ያለ ነገር በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ነግሯት አያውቅም ነበር። ሚስቱ እጁን ይዛ፣ «ድምፅስ ትቀዳለች ወይ? እሱን ጠይቅልኝ» አለችው።

በአምስተኛው ሳምንት ስለ ድምፅ መቅዳቱ ጠየቀ። ከዚያ ስለ ቀለሟ። ከዚያ ደግሞ ብትወድቅ ትሰበር እንደሆነ። በመጨረሻ፣ ጀሶው በሚፈታበት ዕለት ጠዋት፣ ሬዲዮ ጠጋኟ ትዕግሥቷ አለቀና የካርቶን ክዳን ቀዳ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አንዲት ማጫወቻ። ዋጋው ያው የነገርኩህ። ከፈለግህ ውሰድ፤ ካልፈለግህ በርጩማዬን ልቀቅ።» ጋሽ ፕሮፎርማ ክዳኑን በጥንቃቄ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተ። ሦስቱ ሞሉ። አወዳደረ፤ እሷ አሸነፈች። ገዝቶ ከነካርቶኗ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተታት።

ቤት ሲደርስ ሰው የለም። እህትየው ሚስቱን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ስትመለስ ንጹሕ አልጋ ላይ ትረፍ ብሎ አንሶላውን ሊቀይር ትራሱን አነሳ።

ከትራሱ ሥር አንዲት ግራጫ ማጫወቻ ተቀምጣለች። አምስት ቁልፍ አላት። ገለበጣት፤ ጀርባዋ ላይ ነጭ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ ያ የሚያውቀው የሬዲዮ ጠጋኟ ጽሕፈት። የመሐለኛዋ ቁልፍ ምልክት በጣት ብዛት ሊጠፋ ደርሷል። የዕቃን ዕድሜ በማየት የሚገምት ሰው ነውና ገመተ፤ አራት ሳምንት በደንብ ሠርታለች።

በመጀመሪያ ተናደደ። አንድ ወር ሙሉ እንደ ሞኝ ከተማውን መዞሩ፣ ያ ሁሉ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ያ ሁሉ ሽቦ መያዝ ታየው። ፊቱ ጋለ። «ቤቷ የተዝረከረከ ነው» ብሎ የፈረደባት ሴት የሚስቱ እህት መሆኗ፣ ዕቃው የገባበትም ቤት የራሱ መሆኑ ደግሞ ሲገባው ብቻውን አንድ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ የባትሪውን ጥያቄ አስታወሰ፤ የድምፅ መቅዳቱን፣ የቀለሟን፣ የመውደቋን። ማጫወቻ ከትራሷ ሥር ያላት ሴት ያን ሁሉ የጠየቀችው ስለ ማጫወቻ ብላ አልነበረም። በሩ ሲከፈት ቀና የሚለው አንገቷ ታየው። ሃያ ስድስት ዓመት «እ» ሲላት መኖሩም ታየው። ማጫወቻዋን ወደነበረችበት መለሰ፤ ፕላስተሩ ወደ ታች፣ ቁልፏ ወደ ላይ፣ ልክ እንዳገኛት። አንሶላውንም አልቀየረም።

ሚስቱ በአንድ ክራንችና በእህቷ ትከሻ ተደግፋ ገባች። እግሯ ነጥቶና ከስቶ የሌላ ሰው እግር መስሏል። አልጋው ላይ ስታርፍ መጀመሪያ እጇ በትራሱ ሥር ገባ፤ ቆየ፤ ወጣ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«እህስ፣ ያቺ ሴትዮ ጻፈችልህ?»

«ጻፈችልኝ።»

«ሦስቱ ሞላልህ በለኛ» አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እንግዲህ አለቀ። ገዝተሃታል ማለት ነው።»

ካርቶኗ የጎድን አጥንቱን ትወጋዋለች። እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ነገም ከሥራ ሲመለስ የሚነገር አይኖርም።

«አልገዛሁም» አለ። «ጨረታው ተሰርዟል። እንደገና ይወጣል።»

እህትየው በፍጥነት ወደ መስኮቱ ዞራ መጋረጃውን መመርመር ጀመረች። ሚስቱ ባሏን አየችው፤ ትራሷን አየች፤ እንደገና ባሏን አየችው።

«ለምን ተሰረዘ?» አለች ቀስ ብላ።

«ረጅም ነው፤ እደርስበታለሁ» አለና ወንበሩን ሳበ። «ከወንድማማቾቹ ልጀምርልሽ። ዛሬ እኮ ያለ ደንበኛ ተነጋገሩ።»

«አትለኝም! ማን ጀመረ?»

«ታላቅየው፣ ያ ዝም የሚለው» አለና፣ ኮቱን አውልቆ ከነካርቶኗ በሩ ላይ ሰቀለው።