አንድ ቃል ነው ያልኩት

ንዋይ ዕድሜውን ያሳለፈው የሌላ ሰው አፍ ሆኖ ነው። ኦስሎ ውስጥ አንድ ሀበሻ ሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ለጉዳይ ሲጠራው፣ የልጁ አስተማሪ «ትንሽ ልናነጋግርህ» ስትለው፣ መሃል የሚቀመጠው አስተርጓሚ እሱ ነው። የሙያው ሕግ ጥብቅ ነው። አይጨመርም፣ አይቀነስም፤ «እሱ እንዲህ ይላል» ተብሎም አይወራም። ተናጋሪው «እኔ» ካለ አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል። በዚህ የተነሳ ንዋይ ያልሆነውን ሲሆን ይውላል። ጠዋት ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ነው፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ነፍሰ ጡር። ያንን የሚያህል ፂሙን ይዞ ሐኪሟ ፊት «ማለዳ ማለዳ ያስመልሰኛል፣ ልጁም ይራገጣል» ሲል አንድም ቀን ስቆ አያውቅም። በዚህ ይኮራል። ይኩራ እንጂ! እኛ ብንሆን ገና በመጀመሪያው ቀን ስቀን እንባረር ነበር።

ይህ ሁሉ ሰው በእሱ አፍ ሲናገር፣ የገዛ ልጁ ግን በአማርኛ አታናግረውም።

ናታሊ ተወልዳ ያደገችው ሮምሶስ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ሐሜት ሳይቀር አንዲት አታመልጣትም። መናገር ነው ያቆመችው። ልጅ ሳለች አንድ ሠርግ ላይ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጉንጯን ሳም አድርገው «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?» ቢሏት፣ «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» አለቻቸው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ የኛ ሰው ልጅ ሲኮላተፍ መስማት ይወዳል። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከንፈሯን ገጠመች። አባት በአማርኛ ይጠይቃል፣ ልጅ በኖርዌይኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ እንዲህ እያሉ አደገች፣ ዩኒቨርሲቲም ገባች።

ነገሩን የሚያባብሰው ኪዳነ ነው። ኪዳነ የኤርትራ ሰው ሲሆን፣ ልጅነቱን አዲስ አበባ አሳልፎ፣ ኦስሎ ገብቶ ሄልስፊር ሰፈር ያሉትን ቢሮዎች ሲያጸዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ የንዋይ ወዳጅ ነው። አማርኛን ከነተረቷ ይዞ ነው የተሰደደው። ናታሊ በኖርዌይኛ ሰላም ባለችው ቁጥር ወደ ንዋይ ዞር ይልና «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው!» ይለዋል። ንዋይ አብሮት ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ያንገበግበዋል። ለሚስቱ ለእሌኒ አንድ ቀን የልቡን ነግሯት ነበር፤ «ሌላ ምንም አልፈልግም። ሰው ፊት ቆማ፣ ሳትፈራ፣ በአማርኛ ስታወራ ብሰማት ይበቃኛል» ብሏት ነበር።

ናታሊ ለማስትሬት የጻፈችው ጥናት ስለ ሀበሻ አይደለም። ኦስሎ ውስጥ የሚኖሩ የጀርመንና የአረብ ዝርያ ያላቸውን ቤተሰቦች አኗኗር ነው ያነጻጸረችው፤ አባቶቻቸው ምን ሠሩ፣ የት ሰፈር ገቡ፣ ልጆቻቸው ምን ደረሱ የሚለውን። ጥናቱ ተወደደላት፣ ሥራም አስገኘላት። ወሬው ስቶቭነር ሰፈር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት የኛ አረጋውያን ዘንድ ደረሰና «የኛ ልጅ መጥታ ታስረዳን» አሉ። ናታሊ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ቀጥሎ አባቷን በኖርዌይኛ «አንተ ካስተረጎምክልኝ እሄዳለሁ» አለችው።

እሌኒ ሰምታ ተገረመች። «የገዛ ልጅህን? ለዘመድ ማስተርጎም በሕጋችሁ ክልክል አይደለም እንዴ?»

«ፍርድ ቤት መሰለሽ እንዴ? ሻይና ብስኩት ያለበት ስብሰባ ነው» አለ ንዋይ። ደስታው ግን ጎደሎ ነበር። ልጁ ልትከበርለት ነው፤ ያውም በእሱ አፍ። ኪዳነም ፊት ለፊት ተቀምጦ «የአባይን ልጅ» እያለ ያያል።

ቅዳሜ ደረሰ። እሌኒ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ስለነበረች ቀረች። ስቶቭነር አዳራሹ ሞላ፤ ጋቢ ያደረጉ እናቶች፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ አባቶች። ኪዳነም፣ ንዋይ እንደፈራው፣ ከፊት ወንበር ነው። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆሙ። ናታሊ በኖርዌይኛ ጀመረች፣ ንዋይም ጉሮሮውን ጠርጎ ሕጉን ተከተለ።

«ስሜ ናታሊ ይባላል» አለ ፂሙን እያሻሸ። «የተወለድኩት ሮምሶስ ነው። ገና ወጣት ነኝ፣ አላገባሁም።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ባል እንፈልግልሽ ወይ?» አለ ኪዳነ። ናታሊም ሳቀች፣ ትከሻዋም ላላ አለ። ንዋይ ብቻ አልሳቀም፤ ሥራ ላይ ነው።

አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደሄዱ ናታሊ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባች። «ያነጻጸርኩት» አለች በኖርዌይኛ፣ «ጀርመናውያን ኢንቫንድረሮችንና አረብ ኢንቫንድረሮችን፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን ነው።» ኢንቫንድረር የሚለውን ቃል አዳራሹ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ከውጭ አገር መጥቶ የሚኖር ሰው ሁሉ በወረቀት ላይ የሚጠራበት ስም ነው። ንዋይም ቃሉን በቀን ስንት ጊዜ ይተረጉመዋል።

«ያነጻጸርኩት» አለ ንዋይ ድምፁን ሞላ አድርጎ፣ «ከጀርመን የመጡትን ፈረንጆችና ከአረብ አገር የመጡትን ስደተኞች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን ነው።»

ማንም ቅር አላለውም። ለሀበሻ ጆሮ ከዚህ የበለጠ ትክክል ነገር የለም። ጀርመን ፈረንጅ ነው፣ አረብ ደግሞ እንደኛው ስደተኛ፤ ምን ስህተት አለው? ናታሊ ግን አልቀጠለችም። ንዋይ ጠበቃት። እሷ ወረቀቷን አጠፈችና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ» አለች፣ በአማርኛ። «አንድ ቃል ነው ያልኩት። አንተ ሁለት አደረግከው።»

ንዋይ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ሳይጨምር ሳይቀንስ የኖረ ሰው፣ ያንን ሁሉ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ሳያዛንፍ ያስተረጎመ ሰው፣ በገዛ ልጁ ቃል ላይ ጨመረ፤ ያውም በሕዝብ ፊት! ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ኪዳነ ቀደመው።

«ቆይ፣ ቆይ! አባትሽ ምን አጠፋ? ፈረንጅ ስደተኛ ነው ልትይን ነው? ስደተኛ ማለት እኮ ነፍሱን ይዞ የሮጠ ነው። ጀርመን ማን አሳድዶት ይሮጣል?»

የናታሊ ዓይን ወደ አባቷ ሮጠ። ንዋይ ያን ዓይን ያውቀዋል፤ የሠርጉ ዕለት ያየው ዓይን ነው። «በኖርዌይኛ በይው፣ እኔ እመልስልሻለሁ» ሊላት ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምን አፍ አለው? አሁን አይደል የተሳሳተው? ዝም አለ።

«ጋሼ ኪዳነ፣» አለች ናታሊ ቀስ ብላ፣ «አንተ ከመጣህ ቆየህ። አሁንም እየሮጥክ ነው?»

ከኋላ አንዲት እናት «እርስዎ በይ» ብላ ሹክ ስትል ሌላዋ በክርን ጎሸም አደረገቻት።

«ጀርመኑ ከውጭ መጣ። አንተም ከውጭ መጣህ» ቀጠለች ናታሊ። «አንተን ኢንቫንድረር ይሉሃል፣ እሱን በስሙ ይጠሩታል። እኔ ደግሞ ከየትም አልመጣሁም፣ እዚህ ነው የተወለድኩት። እኔንም ኢንቫንድረር ይሉኛል። ጥናቴ ይሄ ነው። አንድ ቃል ነው፣ ሰው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ሁለት ይሆናል። አባዬ አሁን አሳያችሁ።»

ሰዉ ወደ ንዋይ ተመልክቶ ሳቀ፣ ንዋይም አብሮ ሳቀ። ሥራ ላይ እያለ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ናታሊ ወደ ኖርዌይኛ አልተመለሰችም። ወረቀቷ በኖርዌይኛ የተጻፈ ስለነበር ተወችው፤ ያናገረቻቸውን ሰዎች ነገር በቃሏ ታወራ ጀመር። የጀርመኖቹ አባቶች ሥራ ተዘጋጅቶላቸው ተጠርተው ነው የመጡት፤ ዲግሪያቸውም ሳይንገላታ ታወቀላቸው፣ ቤትም በጊዜ ገዙ። አንድ ከባግዳድ የመጣ መሐንዲስ ደግሞ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ ታክሲ ሲነዳ አረጀ። ልጆቹ ጠባብ ቤት ውስጥ ተደራርበው ነው ያደጉት፤ ግን አንዷ ፋርማሲስት፣ አንዷ የጥርስ ሐኪም ሆኑ። «ጀርመኖቹ ከነበሩበት ቀጠሉ፣ አረቦቹ ከታች ጀመሩ» አለች። «የት እንደ ደረሱ ብቻ ካያችሁ ጀርመኖቹ ይበልጣሉ። የት እንደ ጀመሩ ካያችሁ ግን፣ ኡፍ! ያቺ ፋርማሲስት ብዙ ነው የሮጠችው።»

«እውነት ነው!» አሉ እናቶች። ግማሾቹ በጎዶሎ ደመወዝ ወለል እየወለወሉ ነርስ ያስመረቁ ናቸው።

ናታሊም ሞቅ አላት። «ልጆቹ እኩል ተምረው እንኳን» አለች፣ «ጀርመኖቹም አረቦቹም ሥራ ሲያመልኩ...»

ንዋይ ስህተቱን ሰማ። ሲያመለክቱ ማለቷ ነው፤ ሥራ ሲጠይቁ። በእሷ አነጋገር ግን ልጆቹ ሥራን ተንበርክከው ሲሰግዱለት ዋሉ። እጁ ሳያዘው ከፍ አለ፤ የአስተርጓሚ እጅ፣ የተሳሳተ ቃል ለመያዝ የሚዘረጋ። ኪዳነ ግን እንዲህ ያለ ነገር ያልፈዋል?

«አረቦቹን እንጃ እንጂ» አለ፣ «ጀርመንስ ሥራ እንደሚያመልክ የታወቀ ነው!»

አዳራሹ ፈረሰ። እንባቸውን በጋቢያቸው የጠረጉ አሉ። የሠርጉ ሳቅ መጣ፣ ያው ራሱ ሳቅ። ንዋይ እጁ በአየር ላይ እንደቀረ ልጁን አያት። ናታሊ ለአፍታ ግራ ገባት። ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና አፏን ይዛ ከሁሉም በላይ ሳቀች። «ናይ! ናይ! አይደለም፣ ሲያመለክቱ!» አለች። «ሥራ ሲያመለክቱ፣ የአረቡ ስም ያለበት ወረቀት መጨረሻ ነው የሚነበበው። አንዳንዴም አይነበብም።»

ንዋይ እጁን አወረደ። ቀስ ብሎ ከመድረኩ ወርዶ ኪዳነ አጠገብ ተቀመጠ። ማንም ልብ አላለውም።

ወደ መጨረሻው ላይ ናታሊ ስለ አንዲት ሴት ነገረቻቸው። እናት አባቷ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን የመጡ፣ ዛሬ ያረጀች የኦስሎ ሴት ናት። በዚያ ዘመን ጀርመንኛ እዚህ አገር አይወደድም ነበርና፣ እናቷ ትራም ላይ «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል» ትላት ነበር። ልጅቷም ዝም አለች። አሁን ትልቅ ቤት አላት፣ የተማሩ ልጆች አሏት። «የእናቷ ደብዳቤዎች አሉ» አለች ናታሊ፣ «ማንበብ አትችልም። እንደ ኖርዌይ ሰው ቆጠሯት፣ ግን ዋጋውን በቋንቋዋ ከፈለች። የአረቦቹ ልጆች ቋንቋቸው አለ፣ እንደ አገሩ ሰው የሚቆጥራቸው ነው የጠፋው። እኔ ያችን ሴትዮ ሳናግር ፈራሁ። እኔን ማንም ዝም በይ አላለኝም። ራሴ ነኝ ዝም ያልኩት።»

ንዋይ ይህን ሲሰማ የተማረው ሕግ አልጠቀመውም። ያለቅስ ነበር፤ በግልጽ፣ ፂሙ እስኪርስ። ኩራት እንዲህ ያስለቅሳል ቢሉት አያምንም ነበር። ኪዳነ መሐረብ አውጥቶ ሳያየው አቀበለው።

ሲያበቃ እናቶች ናታሊን ከብበው አገላብጠው ሳሟት። ኪዳነ ግን ንዋይን ክንዱን ይዞ አስቀረው።

«ስማ፣ ያቺን ተረቴን መልስልኝ» አለው።

«የቷን?»

«አታውቃትም? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ያልኩህን። ጠጥታ ለኛም ቀዳችልን።»

አባትና ልጅ በባቡር ወደ ሮምሶስ ተመለሱ። ሁለቱም ደክሟቸው ብዙ አላወሩም። ቤት ሲደርሱ እሌኒ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። እንዴት እንደነበረ ለመጠየቅ ቀና ስትል ናታሊ ቀደመቻት።

«እማዬ፣ በጣም ርቦኛል። ምን አለ?» አለች፣ በአማርኛ።

የእሌኒ ጫማ በእጇ እንዳለ ቀረ። ልጇን አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች፤ ያልገባት ቋንቋ የሰማች ይመስል።

«ምን አለች?» አለችው።

«እኔን አትጠይቂኝ» አለ ንዋይ ኮቱን እየሰቀለ። «እኔ ዛሬ ከሥራ ተባርሬያለሁ።»