ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ቪዲዮ ማቀናበር የጀመርኩት ማንም ሳይለምነኝ ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ ባለው ትንሽ መሥሪያ ቤታችን አንድ ስብሰባ በስልኬ ቀርጬ፣ ሙዚቃ አስገብቼ ለሠራተኛው በላክሁ ማግስት «ባለሙያ» ተባልኩ። እኔም አልካድኩም። ስለዚህ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና በስንብታቸው ቀን የሚታይ ፊልም እንድሠራ አዘዘኝ። እሳቸው ግን እንዳያውቁ።

«በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር?» አልኩ። አንድ ደብዳቤ ለመክፈት እንኳ የሚያቃስት ነበር።

«አዲስ እንገዛለን፤ አንተ ምረጥ። ፊልሙ ካልደረሰ ግን ምክንያት አልሰማም።»

ሦስት ቀን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ተጥጄ አነበብኩ። ያገኘሁት ምክር ሁሉ ትልቁን ግዛ፣ ውዱን ግዛ ይላል። ገጽ ሙሉ ዝርዝር ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ፒያሳ ወደ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ጎልማሳ ነው። ማኪያቶውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ዝርዝሬን ከላይ እስከ ታች አነበበና ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ ቪዲዮ ነው የምትቆርጠው ወይስ ሮኬት ልታመጥቅ ነው?»

«ፊልም ነው» አልኩ ኮስተር ብዬ።

«የስንት ሰዓት?»

«የአሥር ደቂቃ።»

እስክሪብቶ አነሳ። «ይሄ ውድ ግራፊክስ ካርድ ለጌም ተጫዋች ነው፤ ይውጣ። ራም አሥራ ስድስት ጊጋ ይበቃሃል፤ ከዚያ ከወረድክ ግን ይንቀረፈፍብሃል። የምትሠራባቸውን ፋይሎች ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ላይ አድርግ፤ ፈጣን እሱ ነው። ስክሪኑ ቀለም የማይዋሽ ይሁን እንጂ ትልቅነቱ ለወሬ ነው።» ዝርዝሬን ግማሽ በግማሽ ሰረዘው። ተናደድኩ፤ አራዳ ተወልጄ እንደ ፋራ መታየት አልወድም። ግን እውነቱን እንደሆነ ሆዴ ስላወቀው እሱ ያለውን አስገዛሁ። ስወጣ «ብቻ ትንፋሽ እንዳታሳጣው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባኝ እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ኮምፒውተሩ በመጣ በሁለተኛው ቀን እትዬ ቢሮዬ መጡና ከፌስታል ውስጥ ነጭ ዳንቴል አወጡ። የገዛ እጃቸው ሥራ ነው። ሲፒዩ ለምንለው ለኮምፒውተሩ ሳጥን ልክ የተሠራ፣ ከኋላ በማሰሪያ የሚቋጠር፣ ለማብሪያው ቁልፍ እንኳ ቀዳዳ የተተወለት።

«የፒያሳ ግንባታ አቧራ አላስቀምጥ አለን» አሉ። «በእኔ ፊርማ የሚወጣ የመጨረሻ ዕቃ ነው፤ አምሮበት ይቀመጥ።»

እኔ ያደግሁት ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ሶፋውም ዳንቴል በለበሰበት ቤት ነው። ደስ ብሎኝ አብረን አለበስነው።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። የድሮ ፎቶዎቻቸውን ሰበሰብኩ፣ የባልደረቦቻቸውን ምስጋና ቀረጽኩ። ግማሽ ሰዓት ሳልሠራ ኮምፒውተሩ ጮኸ፣ ጮኸና ድርግም አለ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ስንብቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በእጄ ያለው የሁለት ደቂቃ ፊልም ብቻ ነበር። ባለሱቁን ልውጠው ወደ ፒያሳ በረርኩ።

«የተበላሸ ነው የሸጥክልን!»

«ቆይ፣ የት ነው ያስቀመጥከው?»

«ጠረጴዛ ላይ።»

«ላዩ ላይስ ምን አለ?»

«ዳንቴል» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ጎረቤቱን ወርቅ ሠሪ ጠርቶ እሱንም አሳቀው። «ትንፋሽ አታሳጣው ስልህ ጭራሽ ጋቢ አለበስከው? ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እኮ ነው የሚጠፋው።»

«አውልቁት» ማለት ቀላል ይመስላል፣ እትዬን ለማያውቅ ሰው። ዓይናቸው እያስቸገራቸው በመነጽር የሠሩትን፣ ሊሰናበቱን ሲሉ፣ አፈነው ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ ስሠራ አወልቀዋለሁ፣ እሳቸው የመጨረሻ ዕቃቸውን ሊጎበኙ ሲመጡ መልሼ አለብሰዋለሁ። አንድ ቀን በጥድፊያ ገልብጬ አልብሼው ኖሮ «ዛሬ ቀዳዳው ወደ ኋላ ዞሯል» ብለው አስተካከሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግነቱ ጉንፋን ያዛቸው። የእንጨት ደረጃችንን ሲወጡ ሳላቸው ይሰማኛል። በመጀመሪያው ሳል ስክሪኑን አጠፋለሁ፣ በሁለተኛው ዳንቴሉን አጠልቃለሁ፣ በሩን ሲያንኳኩ እጄን አጣምሬ እንደ ጨዋ ተቀምጫለሁ። ደስታዬ አሳፍሮኝ ዝንጅብልና ማር ገዝቼ ሰጠኋቸው። መርቀው ተቀበሉኝ።

ፊልሙ ደረሰ። በስንብቱ ቀን እትዬ በወጣትነት ፎቷቸው ሳቁ፣ በባልደረቦቻቸው ምስጋና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሲያልቅ አቅፈው ሳሙኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዳንቴሉን ስታወልቅለት በደንብ ይሠራል፣ አይደል?»

«መቼ አወቁ?» አልኩ።

«ቀዳዳው ወደ ኋላ የዞረ ዕለት። ፊልሙን ግን አላወቅሁም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም? ይሉኝታህን አይቼ ነው እንጂ እኔን መች ጉንፋን ያዘኝ? እስክታለብሰው ጊዜ ልስጥህ ብዬ ነው የምስለው።» ትንሽ አሰቡና «ማሩን ግን ጨርሼዋለሁ» አሉ።

ሰኞ በእሳቸው ቦታ የተተካው ሰው ደረጃውን በዝምታ ወጥቶ በሬን ከፈተ። ደንግጬ እጄን ወደ ዳንቴሉ ሰደድኩ። እትዬ በጣም ናፈቁኝ።